ታይፎይድ የተባለው እርግዝና፦ የእህቴ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

መጋቢት 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ታናሽ እህቴ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ነገር መያዝ ጀመረች። አንዱ በአራት የታጠፈ ጥቁር ፌስታል ነው። ሌላው ግማሽ ሎሚ። ጠዋት ከሰሚት ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ መስኮት ዳር ካላገኘች አትሳፈርም። ሎሚውን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች። ምን ሆንሽ ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «ጨጓራዬ ነው»።

ይህን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ስሟ እንዳይጠቀስ ብቻ ጠይቃኛለች። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ አጠገቧ ነበርኩ። ክብደቷን፣ የበላችውን፣ ያስመለሰችውን፣ ሐኪም ያላትን ሁሉ በደብተር ጽፌአለሁ። ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች። ጉዳዩን ለብዙ ሴቶች የሚጠቅም ያደረገው አንድ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እህቴን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳት ዝምታው ነው።

ሁሉም የየራሱን ምክንያት ሰጠ

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ነው። እህቴ ያኔ 27 ዓመቷ ነው፤ ካገባች ስምንት ወሯ። ከባለቤቷ ጋር የምትኖረው እናታችን ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪሱ ላይ ነው። የመጨረሻው የወር አበባዋ የካቲት 8 መጥቶ ነበር። ግን ድሮም ቀኑን ስለሚያዛባባት መቅረቱን ልብ አላለችም።

መጀመሪያ የመጣው እንቅልፍ ነው። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ክልትው ትላለች። ጡቷ ያማታል፤ የወር አበባዋ ሊመጣ መሰላት። ሌሊት ሦስት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች፤ ብርድ መታኝ አለች። ከዚያ ሽታ መጣ። ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ትወጣለች። የምትወደው ቡና ሲቆላ ደግሞ በሩጫ ነው የምትወጣው።

እማዬ «ጾሙ ነው፤ ባዶ ሆድሽን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትውያለሽ» አለች። የቢሮ ጓደኞቿ ጨጓራ ነው አሉ። ባለቤቷ የሥራ ጫና ነው አለ። እኔ ደግሞ ፌጦ በጥብጬ ሰጠኋት። እናቶቻችን ለነፍሰ ጡር ፌጦ አይሰጡም፤ እሱን እያወቅኩ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች ብዬ አላሰብኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጋቢት 24 መንገድ ላይ አዞራትና ሰፈር ያለ ክሊኒክ ገባች። ደም ተቀዳ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው ያለብሽ» ተባለች። ይህን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው የደም ምርመራ ከዚህ ቀደም በነበረ ኢንፌክሽንም ሆነ በሌላ በሽታ ምክንያት አለ ሊል ይችላል። በሽታው በተስፋፋበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ውጤቱን ማመን ያስቸግራል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን ታዘዘላት። የሚያስቆጨኝ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ለአንዲት የ27 ዓመት ባለትዳር ሴት፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ይዛ ስትመጣ፣ የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቀቻት ፋርማሲስቷ ናት። ልጅ እግር ናት አለችኝ እህቴ። ማዘዣውን አየች፤ ቀና ብላ ፊቷን አየች፤ የያዘችውን ሎሚ አየች።

«የኔ እህት፣ ፔሬድሽ የመጣው መቼ ነው?»

እህቴ መልስ አጣች።

«እንግዲያው መጀመሪያ ይሄን ሞክሪ። ከሌለ ተመልሰሽ መድኃኒቱን ትወስጃለሽ። እኔ የትም አልሄድም።»

የሽንት መመርመሪያ ሰጠቻት። ዶክሲሳይክሊን በእርግዝና ጊዜ አይመከርም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም ሐኪሞች ሌላ አማራጭ እያለ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ያቺን ልጅ አንድ ቀን አመሰግናታለሁ ብዬ ነበር፤ ኋላ ላይ ሄጄ አመስግኛታለሁ።

ሁለተኛው መስመር ደቂቃ ሳይሞላ ወጣ። መመርመሪያው የሚያነበው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ መመረት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ከፍተኛ ደረጃው ላይ የሚደርሰው ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ማቅለሽለሹም በአብዛኛው የሚብሰው በዚያው ወቅት ነው።

ባለቤቷን ግራ ያጋባው ቆጠራው ነው። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጠረው ከተፀነሰበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው። በዚያ ስሌት መጋቢት 24 ስድስት ሳምንት ከአራት ቀን ነበረች። የመውለጃ ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው፤ አዋላጆች ሁሉ ያውቁታል። በመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ትጨምራለህ። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለች አምስቷን ቀን ትቀንሳለህ፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ስድስት። የካቲት 8 ብሎ የጀመረ ኅዳር 13 ላይ ይደርሳል።

«ሦስት ወር ሳይሞላ አይወራም»

ባልና ሚስት በዚያች ሌሊት ተማከሩ። ሦስት ወር እስኪሞላ ለማንም ላይናገሩ ተስማሙ። ይሄ የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ሁላችንም ያደግንበት ነው። ዓይን ይፈራል። ቢወርድ ደግሞ «ምነው፣ ምን ሆነሽ?» የሚለው ጥያቄ ይፈራል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ይቋረጣሉ፤ አብዛኞቹም በእነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ።

ግን ምስጢር ለመጠበቅ ምን ማድረግ እንደነበረባት ልንገራችሁ። ጾሙን ብትፈታ እማዬ ትጠይቃታለች። ስለዚህ እያስመለሰችም ጾመች። ስታስመልስ ድምፅዋ እንዳይሰማ የመታጠቢያውን ቧንቧ ትከፍታለች። ውሃ በጠፋበት ቀን ሬድዮ ትከፍታለች። ጤና ጣቢያ እንዳትሄድ የካርድ ክፍሉ ውስጥ የምትሠራው ጎረቤታችን ናት። ሥራ ቦታ ፈቃድ እንዳትጠይቅ ምክንያቱን መናገር ሊኖርባት ነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከ54 ኪሎ ወደ 50.5 ወረደች።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ በሐኪም ቆጠራ ስድስተኛው ሳምንት ላይ። ካልተዘጋ ልጁ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህን በብዛት የሚከላከለው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ መጀመር ያለበትም ከማርገዝ በፊት ነው። እህቴ መመርመሪያውን ስታይ ያ ቱቦ ተዘግቶ አልቋል። ደህና ተዘግቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በአገራችን ይህ ችግር ያለባቸው ሕፃናት ብዙ ናቸው። አብዛኞቻችን ደግሞ ማርገዛችንን የምናውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 12

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«እህቴ፣ እርጉዝ ነኝ። ደም አየሁ።»

ሁለቱን ወሬ በአንድ ትንፋሽ ነው የሰማሁት። ደስ ለማለትም ለማዘንም ጊዜ አልነበረኝም። ራይድ ጠርቼ ሄድኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ባለቤቷ ጫማዋን ሊያደርግላት እየሞከረ ማሰሪያው እምቢ ብሎታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቁሯል አለችኝ በሹክሹክታ። እማዬ እንዳትሰማ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም መጀመሪያ ሆዷን ነካካች። በአንድ በኩል ኃይለኛ ሕመም አለ ወይ፣ ትከሻሽን ያምሻል ወይ፣ ራስሽን ስተሽ ነበር ወይ አለቻት። እርግዝናው ከማህፀን ውጭ እንዳይሆን ነው ፍርሃቱ። እሱ ሲፈነዳ ሆድ ውስጥ ይደማል፤ ለሕይወት አስጊ ነው። ከዚያ አልትራሳውንድ ክፍል ገባን።

ስክሪኑ ላይ ግራጫ ነገር ይንቀሳቀሳል። ምኑም አይገባኝም። ሐኪሟ ዝም ብላ ትፈልጋለች። እህቴ ጣሪያውን ታያለች፤ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ከዚያ ሐኪሟ ስክሪኑን አዞረችው።

«ይኸውልሽ። ይቺ ብልጭ ድርግም የምትለው ልቡ ናት።»

2.4 ሴንቲ ሜትር። የልብ ምት በደቂቃ 172። ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው የጻፍኩት ይሄ ነው። እህቴ አላለቀሰችም። «ይሄን ሁሉ እያስመለስኩበት?» አለች፤ ልጁን ይቅርታ የምትጠይቅ በሚመስል ድምፅ።

ሐኪሟ የነገረችን ብዙ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ደም ታያለች፤ ብዙዎቹ ደህና ይወልዳሉ። ግን ማንኛዋም ደም ያየች ሴት መመርመር አለባት፤ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ የለም። ቀድመው ከሚቋረጡ እርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ የሚቋረጡት ከፅንሰቱ ጀምሮ ባለ የክሮሞሶም ችግር ነው። ዕቃ በማንሳት አይደለም። ከሰው ጋር በመጣላት አይደለም። አልጋ ላይ ተጋድሞ መዋልም አያስቀረውም። «ማንም ሴት አጥፍታ አይደለም» አለች። ይህን ስትል የምታየው እህቴን ብቻ አልነበረም።

ትልቁ ችግር ደሙ አልነበረም፤ እሱ በማግስቱ ቆመ። ችግሩ ማስታወኩ ነው። ሽንቷ ውስጥ ኬቶን ተገኘ፤ ሰውነቷ ምግብ አጥቶ የራሱን ስብ እያነደደ ነው ማለት ነው። ከክብደቷ ከ5 በመቶ በላይ አጥታለች። ይሄ ተራ የጠዋት ማቅለሽለሽ አይደለም። አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች፣ ከአሥር ሰባት ስምንቱ፣ ያቅለሸልሻቸዋል። እንዲህ ከባዱ ግን የሚይዘው ከመቶ እስከ ሦስት የሚሆኑትን ነው። አስተኟት። ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ሐኪሟ ቪታሚን ቢ1 መርፌ አዘዘች። ለሳምንታት ያስመለሰ ሰው ቢ1 ያልቅበታል፤ ሳይተካ ጉሉኮስ ቢሰጠው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። አስታማሚ የሆነ ሰው ይሄን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ቢያንስ መጠየቅ ይቻላል።

እማዬ በማግስቱ ጠዋት መጣች። እህቴ ቁጣ ጠብቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሯን በብርድ ልብሱ ላይ ማሸት ጀመረች።

«ከእህትሽ በኋላ፣ ካንቺ በፊት፣ ሁለት ወርዶብኛል» አለች። «ለአባታችሁ እንኳ የሁለተኛውን አልነገርኩትም።»

40 ዓመት ሊሞላኝ ነው። እማዬ ይህን ስትናገር የሰማሁት በዚያ ቀን ነው። ክፍሉ ውስጥ ማንም ምንም አላለም። እማዬ ራሷ ቀጠለች፤ «እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ጨርሼ ነው የተኛሁት።»

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን ጋ ደወለች። ስለ ጾሙ ልታስፈቅድ ነው። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ይሰማል፤ «እንዴ፣ እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ? ትብላ እንጂ!»

የረዳት

ሁለት ሌሊት አድራ ወጣች። ማስመለስ ማስቆሚያና ቪታሚን ቢ6 ታዘዘላት። ቤት ውስጥ ግን ነገሩን የቀየሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አልጋዋ አጠገብ በክዳን ዕቃ ዳቦ ቆሎ አስቀመጥን። ዓይኗን ስትገልጥ፣ ከመነሳቷ በፊት፣ አምስት ስድስት ፍሬ ትበላለች፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ትጋደማለች። ባዶ ሆድ ያባብሰዋል። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚያስቸግራት ቀዝቅዞ ይሰጣታል። የተቀቀለ ድንች፣ እርጎ፣ ሙዝ። በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ውሃ ከምግብ ጋር ሳይሆን በመሀል፣ ፉት እያለች። ቀጭን ዝንጅብል ሻይም ረዳት። እማዬ ጤና አዳም ልትጨምርበት ስትል ነርሷ ያለችው ትዝ ብሎኝ ከለከልኳት። ጤና አዳም በብዛት ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ቁሌቱ ወደ ጎረቤት ኩሽና ተዛወረ። ባለቤቷ በ31 ዓመቱ አጥሚት መሥራት ቻለ፤ መጀመሪያ ላይ ይጓጉልበት ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ልክ አገባው።

አንዲት የባለቤቷ አክስት ልትጠይቅ መጥታ «እኛም ወልደናል፤ የዛሬ ልጆች ቅብጠት ታበዛላችሁ» አለች። እህቴ አንገቷን ደፋች። ከቅብጠት ጋር ግንኙነት የለውም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ዋናውን ምክንያት አሳይቷል። ጂዲኤፍ15 የሚባል ሆርሞን ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ ወደ እናት ደም ይገባል፤ አንጎል ላይ ማቅለሽለሽን ይቀሰቅሳል። ከእርግዝና በፊት ይህ ሆርሞን ደሟ ውስጥ ትንሽ የነበረ ሴት ድንገት ሲበዛባት በጣም ትታመማለች። ይሄ የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ለአክስትየውም እንደዚሁ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሎሚ ይዘው መጡ።

በአሥረኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደን ካርድ አወጣች። የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሽንት ተመረመረች። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው። አይረን ሲጀመር ስላስመለሳት ነርሷ ለጊዜው ፎሊክ አሲዱን ብቻውን ሰጠቻት፤ ሆዷ ሲረጋ አይረኑ ተጨመረ። ያቺ የተፈራችው ጎረቤታችንስ? ካርዱን አይታ፣ ስሟን ጽፋ፣ «በርቺ» ብላ ሰጠቻት። ለወራት ከአፏ ምንም አልወጣም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው ቢያንስ ስምንት ክትትል ነው፤ የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት ነፍሰ ጡሮች ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከታትለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ርቀት አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። እህቴ ግን የምትኖረው ከጤና ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው።

ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። 11 ሳምንት ከሁለት ቀን። በዚያ ቀን ከሁሉም ነገር ያማራት ቁርጥ ነው። ያማራት ካልተሰጣት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል፤ አጎቴ ቢላውን ይዞ ተነሳ። እንቢ አልን። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል፤ እናቲቱ ላይ ሳይታወቅ አልፎ ጽንሱን ይጎዳል። ለብለብም አይበቃም። ያልፈላ ወተትም እንደዚሁ። በደንብ የበሰለ ጥብስ ተሠራላት። ሦስት ጉርሻ ጎረሰች። አልወጣም። ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

በ13ኛው ሳምንት በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ማስመለስ ጀመረች። በ14ኛው 51.2 ኪሎ ሆነች። የሁሉም እንዲህ አይደለም፤ ከባዱ ዓይነት አንዳንዶች ላይ እስከ 20ኛው ሳምንት፣ ሲከፋም እስከ መውለድ ይቆያል።

ከደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሐኪሟ ያስጻፈችኝን ልድገመው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ካልረጋ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከጠፋ፣ ደም ከታየ፣ ሆድ በአንድ በኩል አጥብቆ ካመመ፣ ራስ ከሳተች፣ ትኩሳት ካለ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ልጅቷ የተወለደችው ኅዳር 9 ነው፤ ከተባለው ቀን አራት ቀን ቀድማ። 3.1 ኪሎ።

ከሁለት ወር በፊት እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ነበር። ቁም ሳጥኑ ላይ የፎሊክ አሲድ ብልቃጥ አየሁ። ምንም አልጠየቅኳትም። ትናንት ማታ ደወለች።

«ነገ ስትመጪ ሎሚ ግዢልኝ። ለእማዬም ነግሬአታለሁ።»

አምስት ሳምንቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ሦስታችን ካርድ ልናወጣ ሄድን።